የመንገሻ ኮፈንና የወይንሸት ሊጥ

ከሁሉ በፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ብዕር ስይዝ እጄ ይከብደኛል፣ ፊደሉም አንዳንዴ ይምታታብኛል። ለማኅበራችን መጽሔት ስለ አንድ የሰፈራችን ሰው ጻፍ ስባል ደጋግሜ እምቢ ብዬ ነበር። ግን የመንገሻን ነገር ካንተ በላይ ማን ያውቃል ተባልኩ። እውነት ነው፤ እኔና እሱ ኤመሪቪል ውስጥ አንዱን ሻትል አውቶቡስ በፈረቃ የምንነዳ ነን፣ መቀመጫው ሳይቀዘቅዝ ነው የምንቀባበለው። የነገረኝን እንደነገረኝ አስቀምጣለሁ። የተንጋደደውን እናንተ አቃንታችሁ አንብቡልኝ።

መንገሻ ዝምተኛ ሰው ነው። ሰው በዛ ያለበት ቦታ ሲገባ አንገቱን ይደፋል። ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳን «እግዜር ያጽናችሁ» የምትለዋን ከሌላው ሰው ድምፅ ጋር ደባልቆ ነው የሚያልፋት። ሻትል መንዳት የተስማማውም ለዚህ ይመስለኛል። ከባቡር ጣቢያው ወደ ትልልቆቹ ሱቆች፣ ከሱቆቹ ወደ ቢሮዎቹ፣ ከቢሮዎቹ መልሶ ወደ ጣቢያው ነው። ተሳፋሪው በነጻ ስለሚሳፈር ሒሳብ አይጠይቅም፣ ወሬም አያበዛም። እጆቹ መንገዱን ስለለመዱት ሐሳቡ በራሱ ጊዜ ይሄድበታል። የሚሄደውም ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ኦክላንድ ቤቱ ወዳለው ጋራዥ፣ ሰማያዊዋ መኪናው ወደተኛችበት።

መኪናዋ የስልሳ ስድስት ሞዴል ሼቭሮሌት ናት። መንገሻ ኦክላንድ በገባበት ዓመት፣ ሬስቶራንት ጓሮ ሳህን እያጠበ፣ እንዲህ ያለች መኪና በመስኮቱ በኩል ቀስ ብላ ስታልፍ አይቶ ነበር። መኪና አልመሰለችውም። አንድ ኩሬ ውኃ ሰማዩን እንደተሸከመ ከተቀመጠበት ተነሥቶ መንገድ ለመንገድ የሚሄድ ነው የመሰለው። ቀኑን ሙሉ ሳህን ባነሣ ቁጥር ውኃው ውስጥ ያንን ሰማያዊ ያየው ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ የዚያ ዓይነት መኪና ያለው አንድ አዛውንት ጎረቤቱ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ አንድ አንድ ጨርቅ ይዘው፣ ቃል ሳይለዋወጡ፣ መኪናዋን ሲወለውሉ ይውላሉ። ሰውየው ሲያርፍ ልጆቹ ለማንም ሳያሳዩ ለመንገሻ ለቀቁለት።

ከሁሉም ኮፈኗን፣ የሞተሯን ክዳን፣ ነው የሚወደው። ሰፊ ነው፣ ቀለሙም ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ የማንም እጅ አልደገመውም። ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ የጋራዡን በር ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ኮፈኑ ላይ ደመና ሲያልፍ ይታያል። እሱም ቆሞ ያየዋል። ወይንሸት፣ ባለቤቱ፣ ይህን ጊዜ «ሰውየው ቲቪውን ከፈተ» ትላለች።

አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ኢየሩስ። ከኦክላንድ ብዙ በማትርቀው ዳብሊን ቢሮ ትሠራለች። አማርኛ አጥርታ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን ግማሹን እንግሊዝኛ ታደርገዋለች። የሳን ሆዜው ናዖድ ሽማግሌ ልኮ ነገሩ ባለቀ ጊዜ፣ የናዖድ አጎት ጋሽ ሀብተሥላሴ ሊሞዚን እንከራያለን አሉ። ደንቡም ይኸው ነው፤ የሙሽራ መኪና የሚያመጣው የወንዱ ወገን ነው። ኢየሩስ ግን «ኖ፣ እኔ በአባዬ መኪና ነው የምሄደው። እሱ ነው ድራይቭ የሚያደርገው» አለች። ናዖድም ደስ አለው። ጋሽ ሀብተሥላሴ ጥቂት አሰቡና አንድ ነገር አሰሩበት፤ መኪናዋ ከሰርጉ በፊት ባለው እሑድ ተሟልታ ካልታየች ሊሞዚኑ ይመጣል። ሙሽራ ቬሏን ለብሳ ሃይዌይ ዳር ጎታች ቶው ትራክ ስትጠብቅ ማየት አልፈልግም አሉ። ሰውየው አልተሳሳቱም።

ለመንገሻ ግን ነገሩ ከመኪና በላይ ነበር። አዳራሽ ውስጥ የሙሽራዋ አባት ተነሥቶ ይናገር እንደሚባል ያውቃል። እንደማይችልም ያውቃል። ኢየሩስን ምን ያህል እንደሚወዳት በአፉ ነግሯት አያውቅም፤ ከንፈሩ ድረስ መጥቶ ይመለስበታል። ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ድረስ በዚያች መኪና ራሱ ከወሰዳት ግን ሁሉንም እንደተናገረ ይቆጠርለታል፤ እሱ እንዲህ ነው ያሰበው። ሻትሉን እየነዳ በሐሳቡ ስንት ጊዜ ወስዷታል። ኮፈኑ ላይ አበባው ተደርድሮ፣ ነጩ ሪባን ተወጥሮ፣ በግራ ኮረብታው፣ በቀኝ የባሕረ ሰላጤው ውኃ እያብለጨለጨ፣ መኪናዋ መንገዱን ሳትነካው ትንሳፈፋለች። ከሐሳቡ የሚነቃው ተሳፋሪ የማውረጃውን ደወል ሲጫን ነው።

ሰርጉ ሲቃረብ መኪናዋ ማስነጠስ ጀመረች። ሳን ሆዜ ጋራዥ ያለው ጓደኛው ማንደፍሮ መጥቶ ከፍቶ አየና ማኒፎልዱ ተሰንጥቋል አለ። ማኒፎልድ ማለት ካርቡሬተሩ የቀላቀለውን አየርና ቤንዚን ተቀብሎ ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍል ብረት ነው። ሞተሩ አናት ላይ እሱ ይቀመጣል፤ በእሱ ላይ ካርቡሬተሩ፣ በካርቡሬተሩ ላይ ክቡ የአየር ፊልትሮ፣ ከዚያ በላይ ኮፈኑ ነው። ስለዚህ ማኒፎልዱ በረዘመ ቁጥር ፊልትሮው ወደ ኮፈኑ ይጠጋል።

ለመኪናዋ የሚሆን ሁለት ዓይነት አለ። ረጅሙ ከአሮጌው በሦስት ጣት ይበልጣል፤ ሞተሩ እንደልቡ ይተነፍስበታል፣ መኪናዋም ታገሳለች። አጭሩ የሚበልጠው በአንድ ጣት ብቻ ነው፤ አረማመዷም እንደ ድሮው ይሆናል። ማንደፍሮ ስለ ረጅሙ ሲያወራ ዓይኑ በራ። ስለ አጭሩ ሲጠየቅ «እሱን ጡረታ ለወጣ ሰው ነው የምገጥመው» ብሎ ዘጋው። የመንገሻም ልብ ወደ ረጅሙ ሄደ። በሐሳቡ የምትንሳፈፈው መኪና ድምፅ ጨመረችለት።

መጀመሪያ ግን ኮፈኑ ሥር ያለውን ክፍተት መለካት ነበረበት። ዘዴውን ማንደፍሮ በስልክ ነገረው፤ ፊልትሮው አናት ላይ የልጆች መጫወቻ ጭቃ ታደርጋለህ፣ ኮፈኑን ትዘጋለህ፣ ስትከፍተው ጭቃው ተጨፍልቆ የቀረው ውፍረት የክፍተቱ ልክ ነው አለው። መንገሻ ቤት ውስጥ ሕፃን የለም፣ ጭቃም የለም። ሊጥ አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀ። ማንደፍሮ ሥራ ላይ ስለነበር «ይሆናል፣ ምን ቸገረው» አለና ስልኩን ዘጋ።

እሑድ ጠዋት ወይንሸት፣ ከሰዓት በኋላ ስለ ሰርጉ ሊነጋገሩ ለሚመጡ ዘመዶች ዳቦ አቡክታ፣ ሳፋውን በነጠላ ሸፍና ልብሷን ልትለብስ ገብታ ነበር። መንገሻ ከዳር አንድ ጭብጥ ቆነጠረ። በላስቲክ ጠቀለለው፣ ፊልትሮው ላይ አስቀመጠው፣ ኮፈኑን ዘጋው፣ ከፈተው። ሊጡ ተጨፍልቋል። እዚያው ሊለካው ሲል ወይንሸት ቅዳሴ ረፈደ ብላ ተጣራች። እንዳይበላሽበት እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቆ በሳህን ላይ አደረገው፣ ላስቲኩን ገለጥ አድርጎ ፀሐይ የምትገባበት የወጥ ቤት መስኮት ሥር አስቀመጠውና ወጡ።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጫማውን ሳያወልቅ ሄዶ ለካው። አራት ጣት። ጠዋት ሲያነሣው ቀጠን ያለ መስሎት ነበር። ግን ሰው የሚመኘውን ሲያገኝ መቼ ደግሞ ያያል። አራት ጣት ክፍተት ሦስት ጣቱን ያስገባል፣ አንድ ጣት ይተርፋል። ወዲያው ለማንደፍሮ ኮል አድርጎ ረጅሙን እዘዝልኝ አለው።

ረጅሙ የመጣው ጋሽ ሀብተሥላሴ ባሉት እሑድ ዋዜማ ነው። ማንደፍሮ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ገጠመው። ሞተሩ ሲነሣ መንገሻ ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁ ከእግሩ ሥር ገብቶ ደረቱ ላይ ተቀመጠ። በዚያች ደቂቃ ሳን ሆዜ ደርሶ ተመልሷል። ከዚያ ማንደፍሮ ኮፈኑን አወረደው። ኮፈኑ መጣ፣ መጣ፣ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። ተጫኑት። አልሄደም።

ማንደፍሮ ግን አልደነገጠም። መሐሉን ቆርጬ ቀዳዳ አወጣለታለሁ፣ ከላይ ጉብታ እሠራለታለሁ አለ። «እንዲያውም ያምርባታል፣ ወንዳወንድ ትሆናለች» አለ።

መንገሻ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። የሚቆረጠው ቦታ አበባው የሚያርፍበት ነው። ደመናውም የሚያልፍበት ነው። አዛውንቱ ጨርቁን ክብ እያደረገ የሚጀምረውም ከዚያው ነበር። እስኪ እስከ ነገ ላስብበት አለና ማንደፍሮን ሸኘው። ማንደፍሮ ከመንገዱ ሳይታጠፍ ጋሽ ሀብተሥላሴ ደወሉ። በጨዋ ደንብ ስለ ጤና ጠየቁ፣ ስለ ወይንሸት ጠየቁ፣ በመጨረሻ ነገ እሑድ መሆኑን አነሡ፤ የሊሞዚን ሰዎቹም መልስ እየጠበቁ ነው አሉት። መንገሻ «ነገ» ብቻ አለ።

ወጥ ቤት ገብቶ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ወይንሸት ኤል ሴሪቶ ከምትሠራበት የአረጋውያን ቤት መግባቷ ነበር፣ የሥራ ልብሷን እንኳን አላወለቀችም። ፊቱን አይታ ምን ሆንክ አለችው። እንዴት እንደለካው፣ ሊጡን የት እንዳስቀመጠው፣ አራት ጣት እንዴት እንዳገኘ አንድ በአንድ ነገራት። ደርቆ የቀረውንም ሊጥ ከነሳህኑ ከመደርደሪያ አናት አውርዶ አሳያት።

«የትኛውን ሊጥ?» አለችው።

«ባለፈው እሑድ ያቦካሽውን ነዋ፣ ለዳቦው።»

ወይንሸት ሳህኑን አየችው፣ እሱን አየችው። ከዚያ ሳቋ መጣ። ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች፣ ቁጭ ብላ ሳቀች። «መንጌ» አለችው እንባዋን እየጠረገች፣ «ቅዳሴ ቆመን ስንውል፣ ያንተ ክፍተት እዚህ ፀሐይ ላይ ኩፍ ሲል ነበር። አንተ እኮ እርሾዬን ነው የለካኸው።»

መንገሻ መጀመሪያ አፈረ። ቀጥሎ እሱም ሳቀ። ከዚያ ወይንሸት በጣቷ እያሳየች አስላችለት፤ ሦስት ጣቱ ሲገባ ኮፈኑ አንድ ጣት ሳይዘጋ ከቀረ ክፍተቱ ሁለት ጣት ነበር ማለት ነው፣ አጭሩ ይገባል፣ አንድ ጣትም ይተርፈዋል አለች። መንገሻ ገባው፤ ግን የጠዋቱ ድምፅ ገና ደረቱ ላይ ነበር።

«ድምፁ ግን ወይንዬ፣ ብትሰሚው።»

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ አሁን ድምፅዋ ለስለስ ብሏል፣ «ሰርገኛ ሲሮጥ የት አይተሃል? ክላክሱን እያንጫረረ፣ ሰው እያየው፣ ቀስ ብሎ እኮ ነው የሚሄደው። ልጅህን ቶሎ ልታደርሳት ነው የምትወስዳት?»

ይህን እስክትለው ድረስ አላሰበውም ነበር። በሐሳቡ የምትንሳፈፈው መኪና ፍጥነቷን ቀነሰች፤ መንገዱም ረዘመ።

መንገሻ ማታውኑ ደውሎለት፣ በማግስቱ እሑድ ማንደፍሮ ጋራዡ የነበረውን አጭሩን እያጉረመረመ ይዞ መጣ። ገጥሞ ሲጨርስ ወይንሸት እርሾ ያልነካው የቂጣ ሊጥ ጠፍጥፋ አመጣች። ዘጉት፣ ከፈቱት፣ አሁን እዚያው ፊልትሮው ላይ እንዳለ ለኩት። አንድ ጣት። ማንደፍሮ ሊጡን ገልብጦ እያየ እህቴ እኔ ጋራዥ ሥራ ልቀጥርሽ አለ። ሊጡን አንሥተው ኮፈኑን ለቀቁት፤ በራሱ ክብደት ወርዶ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። መንገሻ ስልኩን አነሣና «ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ ሊሞዚኑን ይተዉት። መኪናዋን ልያት ካሉም አሁኑኑ አመጣለሁ» አለ። በስልክ ለእሳቸው እንዲህ ረጅም ቃል ተናግሮ አያውቅም።

የሰርጉ ቀን የሆነው ሁሉ ለእሱ እንደ ሕልም ነው፤ ሲነግረኝም እንደ ሕልም እየቆራረጠ ነው። አበባው ኮፈኑ ላይ ነበር፣ ቀይና ነጭ። ናዖድና ኢየሩስ ከኋላ ናቸው፣ ሌላው መኪና ሁሉ ክላክስ እያሰማ ይከተላል። ሃይዌዩን በቀኙ ረድፍ ያዘ። የሚያልፏቸው እጅ ያውለበልባሉ። ውኃው በቀኝ፣ ኮረብታው በግራ፣ ልክ ሻትሉ ላይ እንደሚያየው ነበር፤ አበባው ግን በነፋሱ መንቀጥቀጡን በሐሳቡ አላየውም ነበር። ሞተሩ አላስነጠሰም፣ አላገሳም፤ ዝም ብሎ ሄደ።

ፍሪሞንትን ሲያልፉ ኢየሩስ ከኋላ ጎንበስ ብላ «አባዬ፣ ዛሬ ስፒች ታደርጋለህ?» አለችው።

በመስታወቱ አያት። «ስፒቹ ይኸው» አለ፣ «እየነዳሁት ነው።»

እሷም እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ ሳን ሆዜ እስኪገቡ አላነሣችውም።

አዳራሽ ውስጥ የሙሽራዋ አባት ተባለ። መንገሻ ቆመ። ማይኩን ያዘ፣ አንገቱን ደፋ። ኢየሩስ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ማይኩን ተቀበለችው። «አባዬ ኦልሬዲ ተናግሯል» አለች፣ «መንገድ ላይ። እኔ ሰምቼዋለሁ።» ሰዉ አጨበጨበ፤ ለምን እንደሆነ ያወቁት ጥቂት ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሙሽሮቹ ለመልስ ሊመጡ፣ ወይንሸት ወጥ ቤት ስትንጎዳጎድ መንገሻ ወደ ጋራዥ ወረደ። ኮፈኑን ከፈተ። ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው ቀዳዳ ገብታ አንዲት ቀይ የአበባ ቅጠል ፊልትሮው ላይ ተኝታለች፣ በዚያች በአንድ ጣት ክፍተት ውስጥ። በሁለት ጣቱ አንሥቶ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተታት። ኮፈኑን መልሶ ዘጋ፣ የጋራዡን በር ከፈተ፣ ደመናው ገባ። ከመደርደሪያው የራሱን ጨርቅ አወረደ። ከዚያ አዛውንቱ ይይዘው የነበረውን ሁለተኛውን ጨርቅ ፈልጎ አገኘው፣ አራገፈው፣ አጣጥፎ ናዖድ ሲመጣ እንዲያገኘው በኮፈኑ ዳር ላይ አስቀመጠው።