ከወልድያ መጋዘን የተመለሰው ማሽላ

ፋንቱ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። ሐብሩ ወረዳ፣ ግራና ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ባሏ ወርቁ እንኳ፣ «ከእሷ ጋር ከምከራከር ከበሬዬ ጋር ብከራከር ይቀለኛል፤ እሱ ቢያንስ ሲደክመው ይተኛል» እያለ ጎረቤቱን ያስቅ ነበር።

የጉባ ላፍቶ ደገኛ ናት። ለወርቁ ተድራ ወደ ግራና ስትወርድ አንዱን ማሽላ ከሌላው አትለይም ነበር። ያስተማሯት አማቷ እማማ ንግሥት ናቸው። እማማ ንግሥት በዘር ነገር ቀልድ አያውቁም። ከሁሉ አብልጠው የሚሳሱለት ደግሞ ወተት በጉንጬ ለሚባለው ማሽላ ነው። ስሙን ያገኘው እሸቱ ተጠብሶ ሲታኘክ አፍ ውስጥ ከሚተወው ጣዕም ነው። ዘሩን ከእናታቸው ቤት ይዘውት የመጡት በሙሽርነታቸው ጊዜ ነበር። ለፋንቱ በተራዋ ሲያስረክቧት፣ «ልጄን ሰጠሁሽ፤ ይሄንንም ሰጠሁሽ። ልጄ ቢያስቸግርሽ ሽማግሌ አለ። ይሄ ከጠፋ ግን ሽማግሌ አይመልሰውም» አሏት።

ወተት በጉንጬ ወዳጁ ብዙ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ወፉም ይወደዋል፣ መንገደኛውም ይወደዋል። ስለዚህ የአካባቢው ሰው ማሳው መሀል ይዘራውና ዳር ዳሩን ዘንጋዳ የሚባለውን ቀይና መራራ ማሽላ ያቆምበታል። መንገደኛ እጁን ሰድዶ ቢቀጥፍ አንዴ አኝኮ ይተፋና መንገዱን ይቀጥላል። ወርቁ በዚህ የተካነ ነበር። ማሳውን ከመንገድ ያየ ሰው ያ ቤት ከዘንጋዳ ሌላ የማያውቅ ይመስለው ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ሰዉ አዝመራ ሲሰበስብ፣ አንዲት ላንድሮቨር አቧራዋን እያቦነነች ግራና ገባች። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው ተባለ። አለቃቸው ሞገስ የሚባል ቀጭንና ትሑት ሰው ነበር። የሚሰበስቡት ነገር ዓይነቱ መያዣ መጨበጫ የለውም። የእህል ዘር ይጠይቃሉ፣ የተሰበረ ሞፈር ይለምናሉ፤ ከሼህ አብዱልሐሊም ዘንድ መንዙማ በቴፕ ቀዱ፣ ከቄሱ ዘንድ የተቀደደ ብራና ፎቶ አነሱ። አንዱ ቤት ደግሞ በጃንሆይ ዘመን የተረታበትን የርስት ክርክር ወረቀት አውጥቶ ሰጣቸው። «ለልጅ ልጆቻችሁ ይቀመጣል» ይላሉ። ሰዉ ግን መኪናና ወረቀት የያዘ ሰው ሲያይ የሚታየው መንግሥት የሚጥልበት የእህል ኮታ ነው።

ወርቁም የታየው ይኸው ነበር። ሞገስ፣ «ወተት በጉንጬ የሚባል ማሽላ አላችሁ አሉ» ብሎ ሲጠይቀው፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ከዳር ዘንጋዳ ቆረጠለት።

«ይኸውልህ ጓድ፣ እሱ ነው።»

ሞገስ አመስግኖ ፈልፍሎ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ጨመረው። የወርቁንም ስም ጻፈበት።

ፋንቱ በእፍረት መሬት ጠበባት። እንግዳ ቤቷ በልቶ ጠጥቶ ተታልሎ ሊሄድ ነው። መኪናዋ ልትነሳ ስትል፣ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ከሚሰቀሉት የዘር ዛላዎች አንዱን፣ እውነተኛውን፣ አውርዳ በነጠላዋ ሸፍና ሮጠች። ባሌ ዋሽቶሃል ልትለው አፏ አልታዘዘላትም። «ለልጆችህ ቆሎ ይሁን» ብላ ብቻ አቀበለችው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን መተረክ አያሻም። በሰባ ስድስት ዝናቡ ሰነፈ፤ በሰባ ሰባት ጭራሹን ቀረ። ጎተራው ተሟጠጠ፣ በሬዎቹ ወደቁ። ወርቁ እህል ይሰፈርልኛል ብሎ መርሳ መጠለያ ሄደና ተስቦ ይዞት እዚያው ቀረ። እማማ ንግሥት መደብ ላይ ተኝተው ዓይናቸው እየተከደነ ሲሄድ፣ ቤቱ ውስጥ የቀረው እህል ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ዘር ብቻ ነበር። ፋንቱ አወረደችው። ቆላች፣ ፈጨች፣ በውሃ በጥብጣ በማንኪያ አጠጣቻቸው። እስኪያልቅ ድረስ ይህንኑ አደረገች። እማማ ንግሥትም ዳኑ።

ነፍሳቸው መለስ ሲል መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ልጃቸው ነው። ቀጥለው ቀና ብለው ባዶውን ጣሪያ አዩ።

«ምን አጠጣሽኝ?» አሉ።

ፋንቱ ማንኪያዋን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። አሮጊቷም ዳግመኛ አልጠየቁም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ምግብ ሲቀርብላቸው እጃቸው አልፈታ አለ። አንድ ሁለቴ ጎርሰው በቃኝ ይላሉ። ዝናቡ ተመልሶ፣ የእርዳታ እህል ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ፊቱ ሲመለስ እሳቸው እየመነመኑ ሄዱ። አንድ ቀን ጎረቤቷ ዘይነባ፣ «በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እማማ፣ ትንሽ ይቅመሱ» ብላ ስትለምናቸው፣ «የእናቴን ዘር የበላሁ አሮጊት ነኝ፤ ከእንግዲህ ምን ያስበላኛል?» ሲሉ ፋንቱ ከጓዳ ሰማች። ያን ዕለት ዘሩን ፈልጋ ልትመልስ ወሰነች።

ከመርሳ እስከ ሐራ ያልጠየቀችው ዘመድ፣ ያልረገጠችው ገበያ የለም። ወተት በጉንጬ ያለው አልተገኘም። የቀረው ለሞገስ የሰጠችው ዛላ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ቆሎ አድርገህ ብላ ያለችው ራሷ ናት! በዚህ ራሷን ስትወቅስ ከርማ፣ ሚያዝያ ሰባ ስምንት ላይ ሲሪንቃ የእርሻ ሙከራ ጣቢያው በር ላይ ተገኘች። የጣቢያው ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ቶሎ የሚደርስ ዘር እንስጥሽ አሏት። የፈለገችውን ግን አያውቁትም። መንገድ የጠቆማት ጌትነት የሚባል ሹፌር ነው።

«ሞገስ የሰበሰበው ሁሉ ወልድያ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲው በተከራየው ቤት ተቆልፎበታል። እሱ ለትምህርት ባሕር ማዶ ሄዷል። ከሄድሽ አሁን ሂጂ፤ ዕቃው በዚህ ሰሞን ወደ አዲስ አበባ ሊጫን ነው።»

ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በላይ፣ «ለማሽላ ብለሽ ወልድያ? መንግሥት የሰጠሽን ዘር ናቅሽ?» አላት።

«አልናቅሁም፤ እሱንም እዘራለሁ። ይሄ ግን የአማቴ ነው።»

«ነገ ነይ።»

እሷም ነገን እዚያው ጠበቀችው። እንዝርቷን ይዛ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ተቀመጠች። ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ሲገባ አለች፤ ሲወጣም አለች። በመጨረሻ ወረቀቱን የጻፈላት አምኖባት ሳይሆን እንዝርቷን ማየት ስለሰለቸው ነው።

የወልድያው መጋዘን ኃላፊ የሻረግ ትባላለች። መነጽር የምታደርግ፣ ቁልፏን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ከፋንቱ ጋር በዕድሜ እኩያ ቢሆኑ ነው፤ በግትርነትም የሚተናነሱ አይመስልም።

«እህቴ፣ እዚህ የገባ ነገር አይወጣም» አለች የሻረግ።

«እንግዲያው እኔም እዚሁ ገባሁ» አለች ፋንቱና ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ዘመድ ቤት አድራ በማግሥቱም መጣች። የሻረግ ብቻዋን ዕቃ ስታሽግ ነበርና አንድ ትልቅ ሣጥን አልነሳ አላት። ፋንቱ ማንም ሳይጠይቃት ብድግ ብላ በሌላው በኩል ያዘች። እንዲህ አድርጋ ገባች።

ውስጡ ሲታይ ያ ሁሉ የሐብሩና የወልድያ ሰው ዕቃውን ጥሎ የሸሸበት ቤት ይመስላል። የቴፕ ክሮች በሣጥን ተደርድረዋል። በጋዜጣ መሀል የደረቁ ቅጠሎች፣ አፈር የተሞሉ ጠርሙሶች፣ ቀንበር፣ ስልቻ፣ የሙሽራ ፎቶግራፎች፣ የሞተ ሰው ደብዳቤ፣ የብራና ቁርጥራጭ፤ ሁሉም ክር ታስሮለት ቁጥር ተሰጥቶታል። ፋንቱ ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ይህን ሁሉ ብቻሽን ነው የምትጠብቂው?» አለች። የሻረግ ይህን የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። መነጽሯን አወለቀችና ጠረገች።

«አይጥ እንዳይበላው ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉ» አለች። ቆይታም፣ «የባልሽ ስም ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

የወርቁ ከረጢት ተገኘ። የሻረግ በመዳፏ ላይ ገለበጠችው። ቀይ። ንጹሕ ዘንጋዳ።

ፋንቱ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ ሳያልቅ ደግሞ አለቀሰች። ወርቁ ሞቶም መንገደኛ ያታልላል። ነገሩን ሁሉ ዘርዝራ ነገረቻት። «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የእናንተ አይደለም» አለች። «ወተት በጉንጬ የሚለውን ሰርዢና ዘንጋዳ በዪው። የወርቁን ስም ግን እንዳትነኪብኝ።»

የሻረግ እንደተባለችው አረመች። ከዚያ ጥግ ወዳለ ካርቶን ሄደች። ሞገስ ከመሄዱ በፊት ክር ያላሰረላቸውን፣ ሰው ለራሱ በስጦታ ሰጥቶ የመረቀበትን ሁሉ ያጨቀው እዚያ ነው። የእንኮይ ፍሬ፣ ክታብ፣ የተሰነጠቀ ዋንጫ ወጣ። ከሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ሲፈቱት ዛላው ከጋዜጣው ጋር ተሰባብሮ ዱቄት አቦነነ። ነቀዝ ገብቶበታል።

ፋንቱ መሬት ላይ ተንበርክካ ትለቅም ጀመር። ያልተበሳውን ወደ ቀኝ፣ የተበሳውን ወደ ግራ። የግራው ክምር ሆነ፤ የቀኙ እፍኝ አይሞላም።

«ልሰጥሽ አልችልም» አለች የሻረግ፤ ድምፅዋ ግን እንደ ትናንቱ አልነበረም። «እዚህ የተቀመጥኩት ምንም ነገር እንዳይጠፋ ነው።»

«እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው» አለች ፋንቱ። «አዲስ አበባ ወስዳችሁ በጠርሙስ አስቀምጡት። ዓመት ሁለት ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ ይሞታል። ዘር ካልተዘራ ቁጥር አያድነውም። ደግሞ እኔ ለቆሎ ነው የሰጠሁት፤ አልበላችሁትም። ያልተበላ ቆሎ ወደ ቤቱ ቢመለስ ማን ይከሳል?»

የሻረግ ሳትፈልግ ፈገግ አለች። ኋላ አዲስ ከረጢት አወጣች፤ ከደህናው ጥቂት ፍሬ ቆንጥራ ከተተችና ክር አሰረችለት። የቀረውን ራሷ በፋንቱ ነጠላ ጫፍ ቋጠረችላት።

«ከበቀለ መልእክት ላኪብኝ» አለቻት።

ከዚያ ሁሉ የበቀለው ጥቂት ነው። ፋንቱ ለአማቷ አልነገረቻቸውም፤ ባይበቅል ሁለተኛ ልትገድላቸው አልፈለገችም። ማሳው መሀል ዘርታ፣ አረሙን በጣቷ ነቅላ፣ ዛላው ሲመጣ ወንጭፏን ይዛ ማማ ላይ ወጣች። ወፍ ስታባርር ድምፅዋ ተዘጋ። ዘይነባ ምሳ እያደረሰችላት፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅም እንዲህ አይጠበቅ» ትላት ነበር።

ጥቅምት ላይ አንድ እሸት ቆረጠች። ጠበሰችው፣ በመዳፏ አሽታ ገለባውን እፍ አለችና መደቡ አጠገብ ተቀመጠች። እማማ ንግሥት ገና ሽታው ሲደርሳቸው ቀና አሉ። አንድ ፍሬ አንስተው በጣታቸው ዳበሱ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከዩኒቨርሲቲ። አስቀምጠውልን ነበር።»

አሮጊቷ ፍሬውን መልሰው መዳፏ ላይ አኖሩት። «እኔ አንዴ በልቼዋለሁ። ውሰጂና ዝሪው።»

«ለዘር የሚሆነው ማሳው ላይ ቆሟል። ይሄ ያንቱ ነው።» ፋንቱ ፍሬውን ወደ አፋቸው አቀረበች። «ልጅዎን ማዳን አልቻልኩም። አንቱን አዳንኩ። በዘሩ ስላዳንኩዎት አንድ ቀንም አልጸጸተኝም፤ ይሄ ባይገኝም ኖሮ አይጸጽተኝም ነበር። ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የማደርገው። ይብሉ።»

እማማ ንግሥት አፋቸውን ከፈቱ፣ እንደ ያኔው፣ እሷ እንድታጎርሳቸው። በቀሩት ጥርሶቻቸው ቀስ እያሉ አኘኩ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። ዋጡና ባዶ መዳፋቸውን ዘረጉላት።

«ጨምሪልኝ» አሉ።