ኢላሪዮ ሞተር ያጠፋ ዕለት

ኦቲሊያ ቹምፒታስ ባሏ ከታመመ ወዲህ የመንገድ ዳሩን መስኮት ከፍታ አታውቅም። ቤቷ ካያኦ ወደብ መግቢያ ላይ ነው፤ የጭነት መኪኖች ተራ የሚጠብቁት ደጇ ላይ። የተልባና የገብስ ትኩስ መጠጥ ለሾፌሮቹ ስትሸጥ ትውላለች፣ ማታ ጥቀርሻውን ከአንገቷ ታጥባለች። እንጀራዋም ጠላቷም እዚያው ናቸው።

በእርግጥ ነገሩ እየተሻለ ነበር። ትልልቆቹ መርከቦች ወደብ ሲቆሙ መብራት ከየብስ እየተሳበላቸው ሞተር ስለሚያጠፉ ጭሳቸው ቀንሷል። ሾፌሮችም ተራ ሲጠብቁ ሞተር እንዲያጠፉ ታዘው ያጠፋሉ። ኢላሪዮ ባልዴራ ግን አያጠፋም። የመኪናው ማስነሻ ከሞተ ቆይቷል፤ ባዶ ሲሆን የሰፈሩ ወንዶች ገፍተው ያስነሱለታል፣ ጭኖ ሳለ ከጠፋ ግን ጠፋ ነው። መንገድ የዘጋ መኪና ደግሞ ተጎትቶ ይወጣል፣ የጭስ ምርመራ ሳያልፍም ዳግመኛ ወደብ አይገባም። የእሱ አሮጌ መኪና ያንን እንደማያልፍ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ሲበላም ሲያንቀላፋም ሞተሩ እያጓራ፣ ጭሱን ኦቲሊያ መስኮት ላይ ይተፋል።

ባሏ አንሰልሞ ትንፋሽ አጥሮት ሲያጣጥር ወጥታ ሞተሩን እንዲያጠፋ ኢላሪዮን ለመነችው። ለጥቂት ጊዜ ብቻ፣ አለችው። ኢላሪዮ ዳቦውን እያኘከ፣ «መስኮትዎን ይዝጉ እንጂ ዶኛ ኦቲሊያ። ይሄ ሞተርም እንደ ዶን አንሰልሞ ነው፤ ትንፋሹ አንዴ ከተቋረጠ አይመለስም» አላት። ሾፌሮቹ ሳቁ። አንሰልሞ አልጋው ላይ ሆኖ ሰማ። በዚያው ሳምንት ሞተ።

ኦቲሊያ አልተሳደበችም። መጠጡን መሸጧን ቀጠለች፣ ለኢላሪዮም ጭምር። ቂሟን እንደ ገብሷ ቀስ ብላ ቆላችው።

ጥቅምት መጣ። በጥቅምት የባሕሩ ጌታ የሚሉት የስቅለት ምስል በእንጨት ወሳንሳ ላይ ሆኖ፣ በትከሻ ተይዞ ከተማውን ይዞራል። ደጁ ላይ የአበባ ምንጣፍ ያነጠፈ ሰው ካለ፣ ተሸካሚዎቹ እዚያ አሳርፈው ይጸልያሉ። ምስሉ ባረፈበት ሞተር የሚያስጮህ የካያኦ ልጅ የለም፤ ያስጮኸ ቀባሪ አያገኝም ይባላል።

ምስሉ በሚያልፍበት ቀን ኦቲሊያ ኢላሪዮ ጭኖ ተራ እስኪይዝ ጠበቀች። ከዚያ ወጥታ መኪናው አፍንጫ ሥር አበባ መነስነስ ጀመረች።

«ለእኔ ነው እንዴ?» አላት ከላይ።

«ለአንተ ነው» አለችው ቀና ሳትል።

ምስሉ ደርሶ አበባው ላይ አረፈ። ሙዚቃው ቆመ። ሞተሮች አንድ በአንድ ጠፉ፤ የኢላሪዮ ብቻ ቀረ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። የተሸካሚዎቹ አለቃ ዶን ፋውስቶ ላቡን ጠረገና፣ «ኢላሪዮ፣ የአባትህ ትከሻ የጎበጠው በዚህ እንጨት ሥር ነው» አለው።

ኢላሪዮ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለና ጠፋ። የባሕሩ ድምፅ ተሰማ።

ምስሉ ሲያልፍ ሌሎቹ መኪኖች ተነሱ። የኢላሪዮ ቁልፍ ቀጭ ከማለት በቀር ምንም አላመጣም። ከኋላ ጡሩምባ፣ ከፊት የወደቡ ጎታች መኪና መጣ። ኢላሪዮ ወርዶ እየሮጠ መስኮቷን ደበደበ። ኦቲሊያ ወለል አድርጋ ከፈተችውና ክርኗን ደገፍ አደረገች።

«ዶኛ ኦቲሊያ፣ በአንሰልሞ ይዤዎታለሁ። ጭነቱን የሚያወርድ ሰው ይጥሩልኝ፣ እንጀራዬ ነው።»

«መስኮቴ ዝግ ነው ልጄ» አለችው። «አይሰማኝም።»

መኪናው አበባውን እየደፈጠጠ ሲጎተት እስከ መጨረሻው አየች። ከዚያ የሌሎቹ ጭስ ገባ። ይግባ፣ ብላ ተወችው።