የግሌኒስ ሁለት ፓምፖች

በታውንስቪል ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው ግሌኒስ፣ ሳሎኗ ውስጥ ባለው የመስታወት ገንዳ ከዓሦቿ ጋር ኮራል የሚባለውን ድንጋይ መሳይ የባሕር እንስሳ ታሳድጋለች። አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ሆኖ የመጣላት ሐምራዊው ኮራል ቡጢ ካከለ በኋላ፣ በፊቱ በኩል ሥጋው እየለቀቀ ነጭ አጥንቱ ይታይ ጀመር።

"የሚገፋው ውሃ አንሶት ነው" አለችና የገንዳውን ውሃ በሚያንቀሳቅሰው አሮጌ ፓምፕ ላይ ሌላ ትልቅ ጨምራ ሁለቱንም ፊት ለፊቱ ደገነችበት። ባሰበት።

ባሏ ዴስ ከሶፋው ሳይነሳ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ የእሳት አደጋ ቧንቧ ፊትሽ ላይ ቢለቁብሽ ትወፍሪያለሽ?" አላት።

"አርፈህ ቢራህን ጠጣ!"

ነገሩ ግን ከነከናት። እጇን ገንዳው ውስጥ ስትከት ውሃው እንደ ዱላ ገፋት። ከኮራሉ ጀርባ ደግሞ ጭራሽ አይነቃነቅም፤ ቆሻሻ ተኝቶበታል።

ግሌኒስ ስትሳሳት ሰበብ አትፈልግም። ፓምፖቹን ከኮራሉ ላይ አንስታ ከግራና ከቀኝ እርስ በርስ አፋጠጠቻቸው። ከዚያ የዓሣ ምግብ በቁንጥር በትና ተንበርክካ ተመለከተች። ፍርፋሪው መሃል ላይ ተጋጭቶ ተበተነ። አንዱ ጥግ ላይ ሲያርፍ ባየች ቁጥር ፓምፑን በትንሹ ታዞራለች፤ በመጨረሻ ውሃው ኮራሉን ከፊትም ከኋላም እየዳሰሰ ዞረ።

"የኔ ራትስ?" አለ ዴስ።

"ዓሦቹ በልተዋል። አንተ እጅ አለህ።"

ከሳምንታት በኋላ ነጩ አጥንት ከዳር ጀምሮ ሐምራዊ ሥጋ ለበሰ። ኮራሉ ጥቃቅን እጆቹን ዘርግቶ ሲወዛወዝ፣ ዴስ ራሱ ሶፋውን ወደ ገንዳው አዞረ።