እናቴን ያረጠበቻት ቮልስ

አንድ እሁድ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እግሯን በፌስታል ጠቅልላ ገባች። ሐምሌ ነው፤ ሐዋሳ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ውሏል። መንገድ ላይ የወደቀች መስሎኝ ደንግጬ ተነሣሁ።

«ባጃጅ ጠፋ እንዴ? በእግርሽ ነው የመጣሽው?»

«በመኪና ነው የመጣሁት» ብላ ሳቀች። «የመምህሩ መኪና ከውጭ ይልቅ ውስጡ ይዘንባል።»

መምህሩ የምትላቸው በእሷው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። አንዲት አሮጌ ሰማያዊ ቮልስ አለቻቸው፤ ባህል አዳራሽ አካባቢ ቆማ ያላያት የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። እናቴን ወደ ቤት ሲያደርሷት ግን ያ የመጀመሪያቸው እንዳልሆነ አላወቅሁም ነበር። እሷ እግሯን እያደረቀች፣ ቀና ሳትል ነገረችኝ።

«ሊያገቡኝ ይፈልጋሉ። ልጄ ካልተስማማች አይሆንም ብያቸዋለሁ። ቅዳሜ መጥተው ያናግሩሻል።»

አባቴ ከሞተ በኋላ እኔና እሷ ታቦር ሰፈር ባለችው ቤታችን ሁለታችን ብቻ ሆነን ኖረናል። ማታ ማታ ውሏችንን አንዳችን ላንዳችን ካልነገርን እንቅልፍ አይወስደንም። ተቆጣሁ ማለት አልችልም። ሳምንቱን ሙሉ ግን ከእሷ ጋር ስለ ሽንኩርትና ስለ መብራት መጥፋት ብቻ አወራሁ። እሷም አልጎተጎተችኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። ኮትና ክራባት አድርገዋል፤ ሱሪያቸው ግን ወደ ላይ ተጠቅልሏል፣ ካልሲያቸው ርሷል። «ምንጣፋችሁን አላበላሽም» ብለው በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ። እናቴ ሻይ አቅርባ፣ ሆን ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

«ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ራሴ ላይሽ ብዬ ነው» አሉኝ። «የምትጠይቂኝ ካለ ጠይቂኝ።»

የምጠይቀው ሞልቶ ነበር። የት ሊያኖሯት ነው? ልጆችዎ ምን ይላሉ? ብትታመም ማን ያስታምማታል? አንዱም ከአፌ አልወጣ አለ። ዓይኔ ካልሲያቸው ላይ ቀርቶ ነበርና፣ «መኪናዋ ከየት ነው የምታፈሰው?» አልኳቸው።

ካልሲያቸውን አየት አድርገው፣ «እሱን ባውቅማ እናትሽን በፌስታል አልመልሳቸውም ነበር» አሉ።

ሥራዬ የውሃ መስመር ጥገና ነው። የሚያፈስ ነገር ከየት እንደሚያፈስ ስፈልግ ነው የምውለው። ከእንግዳ ሰው ጋር ፊት ለፊት ከመቀመጥ ደግሞ ያ ይሻለኛል። «እንያት» ብዬ ተነሣሁ።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። የመኪናዋን ምንጣፍ ስገልጠው በመሪው በኩል ምንጣፉ ራሱ ብቻ ነው የራሰው፤ በተሳፋሪው በኩል ግን ውሃ ቋጥሯል። ጨርቅ ይዤ እያደረቅሁ ወደ ላይ ተከተልኩት። ውሃ በሚታይበት ቦታ አይደለም የሚገባው፤ ሌላ ቦታ ገብቶ መንገዱን ይዞ ይወርዳል። ይኼኛው ከቀኙ የዝናብ መጥረጊያ ሥር ነበር የሚመጣው። መጥረጊያው በቆርቆሮው ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ውሃ የሚከለክል ጎማ አለ፤ እሱን ለማየት መጥረጊያዎቹ መውለቅ አለባቸው።

የግራው ማሰሪያ ዳዶው ተፈትቶ ወዝወዝ ሲደረግ ወጣ። የቀኙ እምቢ አለ። ዝገቱ አንድ አካል አድርጎታል። መምህሩ ትዕግሥታቸው አልቆ በካቻቢቴ ሊፈነቅሉት ሲያጎነብሱ እጃቸውን ያዝኩ።

«መምህር፣ መስታወቱን ተደግፈው አይፈንቅሉት። ቢሰነጠቅ ለዚች መኪና ከየት እናመጣለን?»

«እውነትሽን ነው» ብለው ካቻቢቴውን አስቀመጡት።

ሥሩ ላይ ዘይት ጠብ ጠብ አድርገን፣ እስኪገባለት ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ባለቤቴ በታመመችበት ክረምት ከኋላ ነበር የምትቀመጠው» አሉ ሳልጠይቃቸው። «ኋላው አይረጥብም። ሐኪም ቤት ስወስዳት በመስታወት እያየኋት ነበር የምነዳው።»

«ለምን ያኔ አላሠሯትም?»

«ያኔ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ደግሞ ከጎኔ የሚቀመጥ የለም። ለማን ብዬ?» ጉልበታቸውን አሻሹ። «እናትሽንም ኋላ ይቀመጡ ብያቸው ነበር። አይሆንም አሉኝ። ከፊት ሆኜ መንገዱን ካላየሁ ምኑን ተጓዝኩት አሉ።»

ፊቴን አዞርኩ። እናቴ አውቶቡስ ላይ እንኳ ከሹፌሩ ጀርባ ወንበር ካላገኘች የማትሳፈር ሴት ናት። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ልቤ ትንሽ ላላ ያለው ያኔ ነው።

ከዚያ መስታወቱ ላይ ጨርቅ አጥፌ አነጠፍኩ። እሳቸው መጥረጊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሳይቸኩሉ ወዲያና ወዲህ ሲያንቀሳቅሱት ድንገት ወለቀ። ሥሩ የነበረው ጎማ በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። መምህሩ ጫማቸውን አጥልቀው መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ ዘንድ ሄዱና የአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ይዘው ተመለሱ። ለሁለቱም ቀዳዳ የሚሆን ክብ በሳንቲም አስምረው በመቀስ ቆረጡ።

«የስፌት መቀሴን ነው?» አለች እናቴ በመስኮት።

«ይቅርታ፣ አላወቅሁም» አሉ መምህሩ። መቀሱን የሰጠኋቸው እኔ ነበርኩ። አላጋለጡኝም።

አዲሶቹን ጎማዎች አስገብተን፣ መጥረጊያዎቹን መልሰን ካሰርን በኋላ መሞከር ቀረ። «አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ይይልኝ» ስል እናቴ ከቤት ወጣች።

«የረጠብኩት እኔ ነኝ። እኔው ልግባ።»

በባዶ እግሯ ከፊት ተቀመጠች። መምህሩም ባትሪ ይዘው በመሪው በኩል ገቡ። ውሃ ካየች መስታወቱን እንድታንኳኳ ነግሬያት የግቢውን የውሃ ቱቦ ከፈትኩ። ከታች ነው የሚጀመረው፤ መጀመሪያ የኮፈኑ ጠርዝ፣ ቀጥሎ የመጥረጊያዎቹ ሥር፣ ከዚያ በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ጎማ። ከላይ ከጀመሩ የትኛው እንደሚያፈስ አይለይም።

የመጥረጊያው ሥር ብዙ ውሃ ወረደበት፤ አላንኳኳችም። ድምፃቸው አይሰማኝም፤ በመስታወቱ ላይ በሚወርደው ውሃ ውስጥ ግን አያቸዋለሁ። እሳቸው ጎንበስ ብለው እግሯ ሥር ያበራሉ፣ እሷ የሆነ ነገር ትላለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ማረጋገጥ ያለብኝን ካረጋገጥኩ በኋላም እዚያው ቦታ ላይ ውሃ ማፍሰሴን ቀጠልኩ።

ወደ ላይኛው የቀኝ ጥግ ስደርስ ተንኳኳ። ቱቦውን ዘጋሁ። እናቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «አንዲት ጠብታ» አለችኝ። «ጉልበቴ ላይ።»

መምህሩ ከጎኗ ሆነው ጥጉን በባትሪ እየፈለጉ፣ «አንቺ፣ እስቲ ትንሽ ወደዚህ በይልኝ» አሏት።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ በፊቴ «እርስዎ» ነበር የሚሏት። ሁለቱም አላስተዋሉም። እኔ ሰማሁ፤ እንደምከፋ ጠብቄ ነበር፣ አልከፋኝም።

የጥጉን ጎማ በቀጭን እንጨት ከፈት አድርጌ ከሥራ ዕቃዬ የማሸጊያ ሲሊከን አውጥቼ ሞላሁበት። እስኪደርቅ መነካት ስለሌለበት መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ልታድር ሆነ። መምህሩ በባጃጅ ሊሄዱ ሲነሡ እስከ በር ሸኘኋቸው።

«ነገ ለመኪናዋ ይምጡ» አልኳቸው። «ሽማግሌዎቹን ደግሞ ሲመችዎ ይላኩ።»

ቆም ብለው አዩኝ። «ጌታ ይባርክሽ ልጄ» ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። እጃቸው ዘይት ነበር፤ የእኔም እንዲሁ። ወደ ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሳሙናውን አቀበለችኝና እስክታጠብ አጠገቤ ቆመች።

መስቀል ካለፈ በኋላ ተጋቡ፤ እናቴም እሳቸው ቤት ገባች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበዱኝ፤ ከሥራ ስመለስ የምነግረው ነገር ይዤ ገብቼ ቤቱ ባዶ መሆኑ ትዝ ይለኝ ነበር። ከዚያ እናቴ ማታ ማታ መደወል ጀመረች፤ መምህሩም ስልኩን ተቀብለው ስለ ሥራዬ ይጠይቁኛል። እውነትም ማወቅ ፈልገው ነው የሚጠይቁት።

አሁን እናቴ መኪና መንዳት እየተማረች ነው። አስተማሪዋ እሳቸው ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ከሐይቁ ዳር ከአሞራ ገደል ዓሣ ገዝተው መጡ፤ መሪውን የያዘችው እሷ ነበረች። ማርሹ ሲጮህ ከሩቅ ሰማሁና ወጣሁ። መምህሩ ዓሣውን ጭናቸው ላይ አድርገው በእርጋታ ተቀምጠዋል። እናቴ የግቢ በራችን ጋ ስትደርስ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«ሁለቱንም በር ክፈችው» አለችኝ። «በጠባብ ማለፍ ገና አልተማርኩም።»

ሁለቱንም ከፈትኩላት።