የጫጩት ቤቱ በር ጠባቂ

ኦቦ ነገሳ ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ የጫጩት ማስፈልፈያ ዘበኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበሬ ነበሩ። መሬቱን ለልጆቻቸው ካካፈሉ በኋላ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ስላልሆነላቸው ነው ወደዚህ ሥራ የገቡት። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በሩን ሲጠብቁ ግን ውስጥ ምን እንደሚሠራ አንድም ቀን አይተው አያውቁም። በሽታ እንዳይገባ ተብሎ ከሠራተኛ በቀር ወደ ማሽኑ ቤት ማንም አይጠጋም። እሳቸውን ከሠራተኛ የቆጠራቸው ሰው አልነበረም።

ጫጩት ፈልጎ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ግን እሳቸውን ነው። ከውስጥ አለ ካሏቸው ያስገቡታል፤ የለም ካሏቸው «ዛሬ የለም» ይሉታል። ከዚህ የሚያልፍ ቃል አልነበራቸውም፤ ሳይሸጥ የተረፈው በሌላም ቀን ስለሚሸጥ፣ አዲሱ የሚወጣበትን ቀን እንኳ አይለዩትም።

በሐምሌ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ተረፈች የምትባል ሴት ከመናገሻ መጣች። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። ባዶ ካርቶን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ሸፍና ታቅፋለች።

«አካም ቡልታን፣ ኦቦ» አለቻቸው።

ሰላምታዋን መለሱና፣ «ዛሬ የለም፣ የኔ ልጅ» አሏት።

«ባለፈው ሳምንትም የለም ብለውኝ ነበር። ከዚያ በፊትም እንዲሁ። መቼ ልምጣ ታዲያ?»

«እሱን እንኳ አላውቀውም።»

ተረፈች አልተቆጣችም። አጥሩ ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ጭቃ በእንጨት ስትፍቅ ቆየች። «እዚሁ በር ላይ እየዋሉ አያውቁም?» አለች ቀና ብላ። ልታሳፍራቸው አልነበረም፤ ገርሟት ነው የጠየቀችው። ከዚያ ካርቶኗን ይዛ ወደ አስፋልቱ ወረደች።

ነገሩ ቀኑን ሙሉ ከሆዳቸው አልወጣም። ወደ ማታ ሥራ አስኪያጇ ጣቢታ ልትወጣ ስትል ባርኔጣቸውን አውልቀው አስቆሟት። ጣቢታ የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ስለ እንስሳት እርባታ ተምራ ወደዚህ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው። ሰሞኑን እሷም ጭንቅ ላይ ነበረች። አንዴ የገዛ ሰው ተመልሶ አይመጣም። የማስፈልፈያው ባለቤት ዋጋ እንቀንስ እያሉ ነው።

«ልጄ፣ ላስቸግርሽ» አሉ ኦቦ ነገሳ። «ሰው መቼ ልምጣ ሲለኝ የምመልሰው የለኝም። የምትሠሩትን አንድ ቀን ብታሳዪኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኦቦ» አለች ጣቢታ። «እንዲህ ያለ ነገር እንኳ አስቤው አላውቅም።»

በማግስቱ ነጭ ጋውን አልብሳ፣ ቦት ጫማቸውን መድኃኒት ያለው ውኃ ውስጥ አስነክራ አስገባቻቸው። ከማሽኑ አንድ እንቁላል አውጥታ ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው። ውስጡ ያለው ጫጩት ቅርፊቱን ይቆረቁራል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ሃያ አንድ ቀን ይቆያል፤ ልክ እንደ ዶሮዋ» አለች ጣቢታ። «የእኛ ሐሙስ ሐሙስ ነው የሚወጣው። ይሄ ነገ ይወጣል።»

«እናት ሳያውቁ ማለት ነው?»

«አዎ። የሚያሞቃቸው ማሽኑ ነው።»

«ከዚህ ሲወጡስ ማን ያሞቃቸዋል?»

«እንዴት እንደሚያዙ የሚገልጽ ወረቀት አብረን እንሰጣለን።»

«ወረቀቱን አየዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ሰዉ በሩ ላይ ሲደርስ ሳያነበው ካርቶኑ ውስጥ ያነጥፈዋል።»

ጣቢታ የዚያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራችም። ስለ ክትባቱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ በመጀመሪያው ቀን ስለሚጠጡት ውኃ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ኦቦ ነገሳ ገበሬ ናቸውና አንዴ የሰሙትን አይረሱም። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ጫጩት የያዘ ሰው ሳያነጋግሩት ከበሩ አያልፍም። ላንዱ በኦሮምኛ፣ ለሌላው በአማርኛ ይነግሩታል።

«ከመድረሳችሁ በፊት ቤቱ ይሙቅ። ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከእሳቱ ሸሽተው ጥግ ከያዙ ሙቀቱ በዝቷል። ሌላ ምንም ባታዩ ይህንን እዩ።»

ለተረፈችም በአንድ የመናገሻ ሚኒባስ ሾፌር በኩል ሐሙስ እንድትመጣ መልእክት ላኩላት። መጥታ ሃምሳ ወሰደች። ከሁለት ወር በኋላ ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ ተመለሰች፤ የሞቱባት ሦስት ብቻ ናቸው። እንዲህ እየሆነ ሰው ሰውን ጠርቶ፣ ጥር ሲገባ የሐሙሱ ጫጩት ሰኞ ላይ ተይዞ ያልቅ ጀመር። ዋጋ ሳይቀነስ ድርጅቱ ሌላ ማሽን ገዛ። ጣቢታም የጽዳት ሠራተኞቹንና የድርጅቱን ሾፌር በየተራ አስገብታ አሳየች። ሾፌሩ ጫጩት ጭኖ መንገድ ላይ ሻይ መጠጣቱን ያን ጊዜ ተወ።

በየካቲት ኦቦ ነገሳ ሳንባቸውን ታመው ተኙ። የመጀመሪያው ሐሙስ ገዢዎቹ በሩ ላይ ቆመው፣ «ሽማግሌው የት ሄዱ?» እያሉ አስቸገሩ። ሁለቱ ሳይገዙ ተመለሱ። ጣቢታ ቢሮዋን ዘግታ በእሳቸው ቦታ ቆመች።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ከቸርች ስትወጣ ብርቱካን ገዝታ ቤታቸው ሄደች። ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ለመመለስ የከበደኝን ጽፌዋለሁ» አለች። «አንዷ ገዢ ድመትን እንዴት ልከላከል ትላለች። አንዱ ደግሞ እናት ዶሮ ሥር ልጨምራቸው ወይ ብሎኛል።»

«ይሄማ ትምህርት ቤት የለም» አሉ ኦቦ ነገሳ። ለመቀመጥ ሲሞክሩ ትራሱን ከፍ አደረገችላቸው። «በር ላይ መቆሙ እንዴት ነበር?»

«አራት ዓመት ቢሮ ተቀምጬ ያልሰማሁትን ሰማሁ።»

ሳቁ። ሳቁ ሳል አመጣባቸውና ጣቢታ ጀርባቸውን ይዛ ጠበቀቻቸው። ሳሉ ሲለቃቸው ብርቱካኑን ላጠችላቸው፤ እሳቸውም ከድመቷ ጀመሩላት።

ድነው ሲመለሱ በሩ አጠገብ ሁለት ወንበር ተቀምጦ አገኙ። ሐሙስ ሐሙስ እስከ ምሳ ሰዓት ጣቢታ አንደኛው ላይ ናት። ሰዉ የቸገረውን ለሽማግሌው ይነግራል፤ እሷ ትጽፋለች።