የሰጎን ላባ የሰካሁ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ጂንካ ፀጉሬን ልቆረጥ ገባሁ። ቆራጩ ጨዋ ልጅ ነው። አንገቴ ላይ ጨርቁን አሰረና፣ "አባባ፣ የቱ ቁርጥ ይሁንልዎ?" ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ፎቶዎች አሳየኝ። ጎኑን የተላጨ አለ፣ አናቱ ላይ ብቻ እንደ ሣር የቆመ አለ፣ ጆሮው ጋ መስመር የተሠራለት አለ።

"ሙልጭ አድርገህ ላጨው" አልኩት።

"ምነው አባባ፣ ፀጉርዎ ገና ሙሉ እኮ ነው!"

እውነቱን ነው፣ ሙሉ ነው። የምላጨው መላጣ ስለሆንኩ አይደለም። ነገሩ የቆየ ነው፤ ከአንድ ላባ የመጣ ነው።

ከገዘር ከተማ ከፍ ብሎ ያለ መንደር የተወለድኩ የአሪ ገበሬ ልጅ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም ሳልጨርሰው ቀረሁ። ማጌጥ ግን ማንም ሳያስተምረኝ አወቅሁ። ጂንካ ገበያ ያለ ልብስ ሰፊ ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሚሰፋ የቴትሮን ሱሪ ሰፋልኝ። ለክረምት የሚሆን ልብስ አልነበረም። በገዘር መንገድ ቀዩ ጭቃ ሱሪዬን ወደ ታች ይጎትታል፣ እኔ በቀበቶ ወደ ላይ እጎትታለሁ፤ እንዲህ እየተጓተትን ከተማ እንገባ ነበር። ግን አልቀየርኩትም። ዛሬ ልጆቹ ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ በገንዘባቸው ሲገዙ ሰው ይስቃል፤ እኔ አልስቅም። ያ ሱሪ አንድ ቀን እንኳ ተመችቶኝ አያውቅም።

ፀጉሬ ደግሞ አፍሮ ነበር። ቅቤ እቀባዋለሁ፣ በሚዶ እነፋዋለሁ። ይሄ ሁሉ ለማርታ ነው። ማርታ የመንደራችን የጸሎት ቤት ሽማግሌ የነበሩት የጋሽ ጳውሎስ ልጅ ናት። ጥርሷ ፍንጭት ነው። የሴት ውበት ምንድነው ብትሉኝ ዛሬም ፍንጭት ጥርስ እላለሁ፤ ያልተስማማ ይተወው። ቀሚሷ ሲያጥርባት ከታች ሌላ ቀለም ጨርቅ ቀጥላበት ነበር፤ ድህነት መሆኑን አጥቼው አይደለም፣ ግን ያ ቢጫ ጠርዝ እንዴት አምሮባት ነበር!

ሽማግሌ ልልክባት ተዘጋጀሁ። ቀኑም ለእሑድ ተቆረጠ። ከዚያ በፊት ግን እንደኔ ያማረ ሰው ገዘር ላይ እንዳይኖር ፈለግሁ።

ያን ጊዜ በአህያ የቡና ገለባና ትምባሆ ጭኜ ማክሰኞ ማክሰኞ ቆላው ወደ በና ሰዎች አገር፣ አልዱባ ገበያ እወርድ ነበር። እዚያ ኦይታ የሚባል የበና ተወላጅ ወዳጅ ነበረኝ። ገለባዬን እሱ ቤት አሳድራለሁ፣ እሱም ወደ እኛ ሲወጣ እናቴ ጎደሬ ቀቅላ ታበላዋለች። የኦይታ ፀጉር ወደ ኋላ ተጎንጉኖ በጭቃ ተለብጦ፣ ቀይና ነጭ ተቀብቶ፣ እንደ ተወለወለ ቅል ያበራል። የኔን አፍሮ ሲያይ ይስቃል።

"አንተ፣ ወፍ እንቁላል ጥላብህ የለም?" ይለኛል።

"እንግዲያው ያንተን ሥራልኝ" አልኩት አንድ ማክሰኞ።

ከጠዋት ጀምሮ ዛፍ ሥር አስቀምጦኝ፣ ጥላው ዞሮ ፀሐይ እስኪያገኘን ድረስ ሠራው። ሲጨርስ፣ "ላባ ተው" አለኝ ባማርኛ። "ላባ ያንተ አይደለም።" ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ቀንቶብኝ ነው ብዬ ነው።

ጭቃው እንዳይሰበር ሳምንት ሙሉ ትንሽ በርጩማ አንገቴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ራስ ሲበላ በጣት ማከክ የለም፤ በስንጥር ነው። እናቴ፣ "ልጄ፣ ጭንቅላትህን እንደ ሕፃን አዝለህ ልትዞር ነው?" አለች። እኔ ግን አንድ ነገር ጎደለኝ ብዬ አስብ ነበር። በሚቀጥለው ማክሰኞ ገበያ እንደደረስኩ ከአንድ ሰው የሰጎን ላባ ለወጥኩና ጭቃው ላይ ሰካሁት። ደወል ሱሪ ከታች፣ ላባ ከላይ!

ብዙም አልተራመድኩ። አንድ ሸምገል ያለ በና እጄን ያዘ። የኦይታ አጎት ነው። ቋንቋቸውን ለገበያ የሚበቃኝን ያህል እሰማለሁ።

"ምን ገደልክ?" አለኝ።

ላባ የሚሰካው ጠላት ወይም አስፈሪ አውሬ የገደለ ሰው መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያው አውልቄው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ሰው እያየኝ ነው፣ አምሮብኛል፣ እልህም አለብኝ።

"ነብር" አልኩ።

ለምን ነብር እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሽማግሌው ከአንገቱ ጨሌውን አውልቆ አጠለቀልኝ። አንዲት ሴትዮ ትከሻዬን ቅቤ ቀባችኝ። ሰው ተሰበሰበ። ሽማግሌው ቀጠለ፤ "ማን አየ?"

ኦይታ ከሰው መሃል ቆሟል። ጭቃውን የሠራው እሱ መሆኑን ገበያው ሁሉ ያውቃል። አላየሁም ካለ እኔ ቀጣፊ ነኝ፤ አየሁ ካለ እሱ በገዛ አጎቱ ፊት ዋሸ። መሬት መሬት ያያል። እንዲናገር ቢያስገድዱት ምን እንደሚል ከፊቱ ገባኝ፤ "አየሁ" ሊል ነው። ለኔ ሲል።

ይሄን ስረዳ ወኔዬ ሁሉ ፈሰሰ። "አልገደልኩም" አልኩ። "ከዶሮ በቀር የገደልኩት ነገር የለም። ኦይታ ላባ ተው ብሎኝ ነበር።"

ከዚያ ቅቤ የቀባችኝ ሴትዮ፣ "ዶሮዋስ ታስፈራ ነበር?" አለች፤ ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው አልሳቀም። ላባውን ነቀለ፣ ጨሌውን ወሰደ፤ ቅቤው ብቻ መመለሻ የለውም፣ ቀረ። ከዚያ ኦይታን፣ "የሠራኸውን አፍርስ" አለው።

ኦይታ ጭቃውን በውኃ እያራሰ ሰበረው። ፀጉሬ አብሮ ተነቃቀለ፤ የተረፈውን በምላጭ ላጨው።

"እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ እኮ!" አልኩት።

"ለሽማግሌ ፀጉር ምን ይሠራል?" አለኝ። ቀና ብዬ አየሁት፤ አልተቀየመኝም።

እሑድ ሽማግሌዎቼን ተከትዬ ሄድኩ። በኛ አገር ያን ጊዜ ራሱን ሙልጭ አድርጎ የሚላጭ ሐዘንተኛ ነው። የማርታ እናት በር ላይ ሲያዩኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ልጄ፣ ማን ሞተብህ?"

አጎቴ ሞተ ብል ያለቅሱልኝ ነበር። ግን ውሸት ሰልችቶኛል። ገና ሳልቀመጥ ሱሪውንም፣ ጭቃውንም፣ ነብሩንም፣ ዶሮዋንም ተናገርኩ። ሽማግሌዎቼ አፍረው አንገታቸውን ደፉ።

ጋሽ ጳውሎስ የተላጨ ራሴን አዩ። "ይህን ሁሉ ያደረግኸው ለማን ብለህ ነው?" አሉ።

"ለማርታ።"

ከመጋረጃው ኋላ ሳቅ ተሰማ። አባቷ ወደ መጋረጃው ዞረው፣ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አሏት።

"እንዲህ ይሻላል" አለች ማርታ። "አሁን ፊቱ ታየ።"

ከዚያ ወዲህ አላሳደግሁም። ብዙ ፋሽን መጥቶ ሄደ፣ ደወል ሱሪውም ቁራጭ ጨርቅ ሆኖ አለቀ። ሰው ለማማር ብሎ የሚደክመውን አልነቅፍም፤ እኔም ደክሜያለሁ። ግን የሌላውን ክብር ለጌጥ አድርጌ አላውቅም፣ ከዚያ ማክሰኞ በኋላ።

ቆራጩ ጨርሶ መስታወት አሳየኝ፤ ቤቴ ገባሁ። ማርታ ደጅ ጎመን ትቀነጥሳለች። ቀና ብላ አየችኝ፤ በተላጨሁ ቁጥር የምትለውን አለች።

"ማን ሞተብህ?"

"ነብር" አልኳት፤ ፍንጭቷ ታየ።