ጎን የምንለውጥበት ጥሪ

መቱ ውስጥ የአረጋውያን መኖሪያ የተባለው ቤት ከአንድ የቡና ነጋዴ የተወረሰ ነበር። በሳሎኑና በመጋዘኑ መካከል የነበረው ግድግዳ ፈርሶ አንድ ረጅም ክፍል ሆኗል። ሴቶቹ በመስኮቶቹ በኩል፣ ወንዶቹ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ይተኛሉ። እኔ ጤና ረዳት ነበርኩ፤ ከእኔ ጋር ሁለት አስታማሚዎች ነበሩ። አንደኛዋ ዝምተኛ ነበረች፣ ስለ እሷ የምለው የለኝም። ሁለተኛዋን ትራስ አጥፎ በጉልበት መሃል ከማስገባት ጀምሮ ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዛሬ እሷም አርጅታ አልጋ ላይ ውላለች ይሉኛል። ሄጄ አልጠየቅኳትም።

መጀመሪያ ስመደብ የተቀበለኝ ሽታ ነው። ሰው በጀርባው ብቻ ተኝቶ ሲከርም ሥጋው ከሥር ይበሰብሳል። ከሁሉ የከፋው ከሁሩሙ የመጡት አሮጊት ቁስል ነበር። እግራቸው አይንቀሳቀስም፤ ልጆቻቸው ሁሉ ቀድመዋቸው ሞተዋል። አማርኛ ይሰማሉ፣ መመለስ ግን አይወዱም። ሁላችንም አኮ እንላቸው ነበር፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ከወገባቸው በታች ሎሚ የሚያስገባ ጉድጓድ ነበራቸው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የተኛውን ሰው በየጥቂት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን ማዞር ነው። አስቸጋሪው ነገር ሥራው እንዲቀጥል ማድረግ ነው። ስናገር ለጥቂት ቀን ይሠራሉ፤ ከዚያ ውኃው፣ አጠባው፣ ስብሰባው ያስረሳቸዋል። የግድግዳ ሰዓት አልነበረንም። በእጁ ሰዓት ያሰረው ኃላፊው ብቻ ነው፣ እሱም ቢሮው ውስጥ ነው የሚውለው። ስለዚህ ሁላችንም የምንሰማውን ነገር ያዝኩ። ከገበያው ጀርባ የነጋዴዎቹ መስጊድ አለ። አዛን ሲባል እናዞራለን አልኩ። ከንጋቱ ጥሪ እስከ ቀትሩ ያለው ጊዜ ስለሚረዝም መሃል ላይ የትምህርት ቤቱን የእረፍት ደወል ጨመርኩበት።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ሁለቱም ሴቶች ክርስቲያኖች ነበሩ። ነገሩ ለማንም አልከበደም። ከዚያ ወዲያ አስታዋሽ አላስፈለገንም፤ ጥሪው ሲሰማ የያዝነውን አስቀምጠን እንነሣለን። ክረምቱ ሲወጣ የአኮ ቁስል ጠቦ ጥፍር አክሎ ነበር። ሽታውም ከቤቱ ወጣ።

በዚያው ዘመን ታናሽ ወንድሜ ታስሮ ነበር። በምን እንደ ታሰረ ዛሬም አልጽፍም። ምሳውን በሳህን አደርሳለሁ፤ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስልኝ በሕይወት አለ ማለት ነው። ይህን ያስተማርኳት ሴት ታውቃለች። አልቅሼ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ያኔ ሰው መስላኝ ነበር።

በየሳምንቱ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ ነበረን። አንድ ካድሬ ይመጣል፣ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል። አንድ ቀን ያስተማርኳት ሴት እጇን አወጣች።

«ጓድ፣ አንድ ሂስ አለኝ። በዚህ የመንግሥት ቤት ሥራ የሚሠራው በመስጊድ ጥሪ ነው። የምናገለግለው አብዮቱን ነው ወይስ መስጊዱን?»

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው ጓዲት?»

«ሰዓት ስለሌለን ነው» አልኩ።

«ዶሮም ይጮኻል። ለዶሮስ አትነሡም?»

ሳቁ። ኃላፊው ከሁሉም አስበልጦ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ካድሬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድምሽ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው።»

«ደህና ይሁን» አለ፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳም አለፈ። በአዛን ማዞሩ በዚያ ቀረ።

ከአንድ የተወረሰ ሱቅ የግድግዳ ሰዓት ተላከልን። ኃላፊው ይሰረቃል ብሎ ቢሮው ውስጥ ሰቀለው። «እኔ እያየሁ እነግራችኋለሁ» አለን። ሁለት ቀን ነገረን። ከዚያ ስብሰባ ይሄዳል፣ ቢሮውን ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ይዞ። በበሩ ሥር ሳልፍ ሰዓቱ ውስጥ ሲቆጥር ይሰማኝ ነበር።

ግን የባሰው ይህ አልነበረም። የባሰው አዛኑ ነበር። ጥሪው ሲሰማ ሦስታችንም እንደ ልማዳችን ልንነሣ እንልና እንቀራለን። የተነሣ ለጥሪው ታዝዟል ይባላላ። ያስተማርኳት ሴት ልብስ የምታጥፍ መስላ ማን እንደሚነሣ በዓይኗ ጥግ ታያለች። ዝምተኛዋ ሴት እጇን ከጭኗ ሥር ታደርግ ነበር። ከጥሪው በኋላም ቢሆን ቶሎ የሚነሣ የለም። እንዲያውም በፊት፣ ምንም ሥርዓት ባልነበረበት ጊዜ፣ በአጋጣሚም ቢሆን አንዳንዱ ይዞር ነበር። አሁን ለማዞር የለመድንባቸው ሰዓቶች ማንም የማይንቀሳቀስባቸው ሰዓቶች ሆኑ።

የአኮ ቁስል ዙሪያው ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ጥቁሩን በጥጥ ስነካው ወደ ውስጥ ሰመጠ። እንዲህ ከቀጠለ አጥንት ይደርሳል፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ሞት። አውቀዋለሁ። ሳህኑንም አውቀዋለሁ። በሁለቱ መካከል እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ቀትር ላይ ጥሪው ተሰማ። ማንም አልተነሣም። ከመስኮቱ በኩል አኮ ጮክ ብለው፣ «ነ ገረገልቺ» አሉ። አዙሪኝ ማለታቸው ነው። እንደ ማዘዝ ነበር እንጂ እንደ መለመን አልነበረም።

ተነሣሁ። 

«እትዬ፣ ምን ሰምተው ነው የተነሡት?» አለችኝ ያስተማርኳት። አንቱታው ከአፏ ጠፍቶ አያውቅም።

«አኮን።»

«ከአኮ በፊት የሰሙትንስ?»

 የአኮን ትከሻና ዳሌ ይዤ ወደ ግራ አዞርኳቸው። ከወንዶቹ በኩል ከመቱ በስተምዕራብ ካለችው ቡሬ የመጡ፣ በቅሎ ነጂ የነበሩ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚያ ቆመሽ የሰው ጆሮ ከምትለኪ እኔንም ነይ አዙሪኝ።»

«አባባ፣ የምንሠራው በሰዓቱ ነው» አለች።

«የቱ ሰዓት? ያ የተቆለፈበት? እሱማ ከእኔ የባሰ ዕውር ነው።»

«እንዲህ አይባልም አባባ።»

«ለምን? ሰፊው ሕዝብ የምትሉት ማንን ነው? እኔ አይደለሁም? ሰፊው ሕዝብ ጎኑ ተልጧል ብለሽ ለጓድሽ ንገሪልኝ።»

ማንም አልሳቀም። እንዲህ ያለ ቀልድ ሰው ያስበላ ነበር። ከዚያ ግን ከአንዱ አልጋ «እኔንም» የሚል ድምፅ መጣ፣ ከሌላውም፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። ዝምተኛዋ ሴት እጇን ከጭኗ ሥር አውጥታ ተነሣች። ያስተማርኳት ግን አሁንም ቆማለች። ስታሰላ አየኋት፤ ብትንቀሳቀስ ለጥሪው ታዝዛለች፣ ባትንቀሳቀስ የሕዝቡን ጥያቄ ረግጣለች። በመጨረሻ ሄዳ ሽማግሌውን አዞረቻቸው።

በማግስቱ ሳህኑን ይዤ ስሄድ ጠባቂው በሩ ላይ፣ «ዛሬ አልተፈቀደም» አለኝ። ምግቡን ይዤ መመለሴን እንጂ በየትኛው መንገድ እንደ ተመለስኩ አላስታውስም። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ካድሬው አስጠራኝ።

«ቡሬ ጤና ጣቢያ ሰው ይፈልጋል» አለኝ። «አንቺ ትሄጃለሽ። ወንድምሽም ምሳውን ያገኛል።»

ዕቃዬን ጠቅልዬ ሄድኩ። ሳህኑን እናቴ ማድረስ ጀመረች፣ ባዶውን ይመልሱላት ጀመር።

ቡሬ ሆኜ በገበያ ቀን ከመቱ የሚመጣ ሰው ወሬ ያደርስልኝ ነበር። ያስተማርኳት ሴት የክፍሉ ተጠሪ ሆናለች። እንግዳ ሲመጣ፣ «እኛ ዘንድ አረጋውያኑ ራሳቸው ሲጠይቁ ነው የምናዞረው፤ ይህን የጀመርኩት እኔ ነኝ» ትላለች አሉ። ኃላፊው አጠገቧ ቆሞ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል አሉ።

ወንድሜን ልጠይቅ መቱ የሄድኩ ዕለት በዚያ ቤት አጥር በኩል አለፍኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር። የቀትሩ አዛን ተሰማ፤ ወዲያው የአረጋውያኑ ድምፅ ተከተለው፣ አዙሩኝ፣ ነ ገረገልቺ፣ እኔን አስቀድሙ። እሷ መጣችና አኮን ያዘች፤ አንድ እጅ ትከሻ ላይ፣ አንድ እጅ ዳሌ ላይ፣ ልክ እንዳሳየኋት። ቀሚሳቸው ከፍ ሲል ጉድጓዱ የነበረበትን ቦታ አየሁ። አዲስ ቆዳ ለብሷል።

አኮ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ተኙ። ያዩኝ መሰለኝ። ገብቼ እጃቸውን ልስም ፈለግሁ፤ እሷንም ልላት የፈለግሁት ነገር ብዙ ነበር። ግን እኔ እዚያ ቤት ከታየሁ ሥራው የእኔ መሆኑ ይታወሳል፤ የእኔ ከተባለ ደግሞ በሚቀጥለው ውይይት ይከለከላል። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሄድኩ።